መልእክተኛዋ

አዳራሹ በሳቅ ሲያውካካ ልጅቷ ቀጥሎ የምትለው ጠፋባት። እንዲህ ይስቃሉ ብላ አላሰበችም። ተውኔቱን የጻፈችው እሷ ናት፤ የምትጫወተውም በተኳረፉ ወላጆቿ መሀል ቃል የምታመላልስ ልጅ ሆና ነው።

«አባትሽን ጨው እንዲያቀብለኝ ንገሪው» አለች እናት የሆነችው የክፍል ጓደኛዋ።

«እሷስ እጅ የላትም ወይ? በያት» አለ አባት የሆነው ቀጫጫ ልጅ። ጢሙን በከሰል ነው የሣሉለት።

ከኋላ አንድ ሽማግሌ ብድግ አሉ። «ኧረ ልጅቷን ተዉአት! አፍ የላችሁም እንዴ?» ጭብጨባው ቀለጠ።

የልጅቷ ዓይን ግን ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበር። እናትና አባቷ የማያውቁትን ሰው መሀላቸው አስገብተው ተቀምጠዋል። ከተኳረፉ ሦስት ሳምንታቸው ነው። አባቷ ጉልበቱን እየመታ ይስቃል። «እጅ የላትም ወይ» ያለው ግን ራሱ ነው፣ ባለፈው ማክሰኞ፣ እራት ላይ። እናቷ ከንፈሯን ነክሳ መሬት መሬት ታያለች። ገብቷታል። «ገመናችንን አደባባይ አወጣሽው» ብትለኝስ ብላ ልጅቷ ፈራች።

ተውኔቱ አልቆ መጋረጃው ሲዘጋ ቀጫጫው ትከሻዋን መታ አደረጋት። «አንቺ፣ ፈነዱ እኮ! ከየት አመጣሽው?»

«ፈጠርኩት» አለች፤ ዋሸች።

በሩ ላይ ሁለቱም ይጠብቋታል፤ እናቷ በቀኝ፣ አባቷ በግራ። አባቷ ዓይኑን እየጠረገ፣ «ጎበዝ የኔ ልጅ! እኔን የገረመኝ ግን፣ እንደዚህ ዓይነት ሰዎች አሉ?» አለ።

እናቷ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረች። «አባትሽን እንሂድ በይው።»

የአባቷ ሳቅ ፊቱ ላይ ደረቀ። «እናትሽን...» ብሎ ጀመረና አቋረጠው። ሁለቱም ልጅቷን ያያሉ። እንደ ልማዷ ቃሉን ብታደርስ ነገሩ ያልቃል፤ ሦስቱም ዝም ብለው ቤታቸው ይገባሉ። ነገም ያው ነው። በቃኝ አለች በልቧ። ደክሟታል።

«ወንበር ማንሳት አለብኝ። እናንተ ተነጋግራችሁ ሂዱ» አለችና ወደ አዳራሹ ተመለሰች።

«ሚጡ!» ብለው ሁለቱም በአንድ አፍ ጠሯት።

ዞር አላለችም።