የአቡ ሲራጅ ሰንጢ

አቡ ሲራጅ ዓረብ አገር፣ ጃብሪያ በሚባል ሰፈር በሚገኘው ቪላቸው፣ እንግዳ መቀበያ ክፍላቸው ውስጥ፣ በገዛ ሰንጢያቸው ደረታቸውን ተወግተው ሞተው ተገኙ። ዕለቱ ዓርብ ነው፤ ከምሳ በኋላ ሰው ሁሉ ጋደም የሚልበት ሰዓት። በቤቱ የነበሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አብራቸው የምትኖረው ልጃቸው ሒባ፣ ለምሳ የመጣው ወንድሟ ሲራጅና የቤት ሠራተኛዋ ሥርጉት።

መርማሪዋ ሙንተሀ ስትደርስ ሁሉም ነገር ያለቀለት ይመስል ነበር። ሰንጢው በቅርቡ በወጉ የተሳለ ነው። ከሽማግሌው የጠፋችው፣ የክብሪት ቀፎ የምታህለው የኪስ ሰንጢ መሳያ ደግሞ ከሥርጉት ፍራሽ ሥር ተገኝታለች። ተጠርጣሪዋ ሐበሻ ሠራተኛ ስትሆን ምርመራ ቶሎ ያልቃል፤ ሙንተሀ ግን ቶሎ የሚያልቅ ነገር አይጥማትም።

«ሰንጢውን ነክተኸዋል?» አለችው ሲራጅን።

«አልነካሁትም። አባቴ ምሳ ላይ ሰንጢዬ ደነዘ፣ መሳያዬም ጠፋ ሲሉ ነበር። ለካ እሷ ሰርቃለች። ሳሎን ጋደም ብዬ ሳለ ከክፍሏ ወጥታ ወደ አባቴ ስትሄድ በዓይኔ አይቻታለሁ።»

እጅጌውን ሰብስቦ ላቡን ጠረገ። ክንዱ ፀጉራም ነው፤ መሃሉ ላይ ግን አውራ ጣት የምታህል ቦታ ሙልጭ ብላለች። ሙንተሀ ልብ አለቻት።

ሒባ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። «አባቴና ሲራጅ ምሳ ላይ ተጣልተው ነበር። ሁለተኛ ቤቴን እንዳትረግጥ አሉት» አለች።

«የሥርጉት በር የሚቆለፈው ከውጭ ነው። ትቆልፊባታለሽ?»

«ኧረ በጭራሽ! እንደ ልጄ ነው የማያት።»

ሥርጉት ጠባብ ክፍሏ ውስጥ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

«መሳያዋን ለምን ደበቅሻት?» አለቻት ሙንተሀ።

ሥርጉት ዓይኗን ወደ መስኮቱ መጋረጃ ወረወረች። እውነቱን ብትናገር ከአሠሪዋ ቤት ልትጠፋ ነበር ተብላ ትታሰራለች፤ ዝም ብትል ነፍሰ ገዳይ ትባላለች። በየትም በኩል መውጫ አጣች።

«እኔ ሰው አልገደልኩም፣ እህቴ» አለች በመጨረሻ።

ሙንተሀ መጋረጃውን ገለጠችው። ከነጮቹ የመስኮት ብረቶች አንዱ እስከ ግማሹ ተፍቋል።

ሦስቱንም እንግዳ መቀበያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ሰንጢ የሚሳለው በዚህች ስንጥቅ ውስጥ እየተጎተተ ነው» አለች መሳያዋን እያሳየች። «አሁን ግን ስንጥቋ በነጭ ቀለም ተደፍኗል፤ ጥርሷም ተሸራርፏል። ሥርጉት የመስኮቷን ብረት ስትፍቅባት ከርማለች። ሰንጢው የተሳለው በሌላ ነገር ነው። ስለት የሚስል ሰው ደግሞ መቁረጡን የሚሞክረው የክንዱን ፀጉር በመላጨት ነው። ሲራጅ፣ እጅጌህን ሰብስብ።»

አብሯት የመጣው ፖሊስ የሲራጅን ኪስ ሲፈትሽ ጣት የምታህል የመሳያ ድንጋይ አወጣ።

«እሺ፣ ለአባቴ ስዬላቸዋለሁ» አለ ሲራጅ። «ፈርቼ ነው የዋሸሁት። ስዬ ሰጥቻቸው ወጣሁ። እሷ የገባችው ከዚያ በኋላ ነው።»

«በበር መውጣት የሚችል ሰው የመስኮት ብረት አይፍቅም» አለችና ሙንተሀ ወደ ሒባ ዞረች። «ሰው መቆለፍ ያስጠይቃል፤ አልደብቅሽም። ግን በሩ ክፍት ነበር ካልሽ ይህች ልጅ ትሰቀላለች።»

ሒባ ወንድሟን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ከአንገቷ ቁልፍ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ከምሳ በኋላ ሁልጊዜ እቆልፍባታለሁ። ዛሬ የከፈትኩላት የአባቴን ሬሳ ካየሁ በኋላ ነው።»

«እንደምትቆልፊባት መቼ ነገርሽኝ?» አለ ሲራጅ። ስትወጣ አይቻታለሁ ማለቱ ውሸት መሆኑን በገዛ አፉ እንደመሰከረ የገባው ፖሊሱ ክንዱን ሲይዘው ነው።

ፖሊሱ ሲራጅን ይዞት ወጣ። ሥርጉት ግን ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም።

«አንቺ ነፃ ነሽ። የመስኮቱን ጉዳይ እኔ አስረዳለሁ» አለቻት ሙንተሀ። «መሄድ ትችያለሽ።»

«በምን ልሂድ? ፓስፖርቴ ማዳም ጋ ነው።»

ሙንተሀ ለሒባ እጇን ዘረጋች፤ ፓስፖርቱ እስኪመጣ ድረስም አላጠፈችውም።