ከዳቡስ ማዶ የታየው ፕላኔት

የዳቡስ ወንዝ ውሃ ደረታቸው ላይ ሲደርስ አህያዋ ደነበረች። ከፊታቸው ጉማሬ ብቅ ብሎ አፉን ከፈተ።

«ገመድ ያዝ! እንዳትለቅ!» ብሎ ጮኸ ባቢከር። መንገድ የሚመራት የበርታ ሰው ነው፤ አማርኛው ሴትና ወንድ አይለይም።

ሠናይት ገመዱን ጨበጠች። ባቢከር የጭነቱን ጠፍር በቢላ በጠሰና አንዱን ሳጥን ራሱ ተሸክሞ ሌላውን እሷን አሸከማት። አህያዋ ወደመጣችበት ዳርቻ ስታመልጥ ጉማሬው ወደ እሷ ዞረ። ሁለቱ እየተንገዳገዱ ማዶ ወጡ።

«እንመለስ፣ አስተማሪ?»

«የዛሬው ካለፈ አለፈ፣ ጋሽ ባቢከር።»

ሠናይት አሶሳ ተመድባ ፊዚክስ የምታስተምር የደሴ ልጅ ናት። የተሸከሙት ቴሌስኮፕ፣ ካሜራ፣ ኮምፒውተርና ባትሪ ነው። ከጁፒተር በጥቂቱ የሚገዝፍ፣ ስልሳ አራት የብርሃን ዓመት የሚርቅ የጋዝ ፕላኔት አመሻሽ ላይ በኮከቡ ፊት ያልፋል። በየአገሩ ያሉ ባልደረቦቿ እያንዳንዱን ማለፍ ሳያቋርጡ ይመዘግባሉ፤ ዛሬ ግን እነሱ ዘንድ በዚያ ሰዓት ወይ ቀን ነው ወይ ደመና። አሶሳንም ጉም ሸፍኗታል። የቀራት ከወንዙ ማዶ ከጉም በላይ የሚወጣው ተራራ ብቻ ነው።

ከራስ በላይ የበቀለውን ሣር እየገፉ፣ እግራቸውን እየጎተቱ ሲወጡ አካፋ የያዙ ወርቅ ቆፋሪዎች መንገዱን ዘጉባቸው።

«ማሽኑን አውርዱ!» አለ አለቃቸው ኻሚስ። የወርቅ መፈለጊያ መስሎታል።

«ፕላኔት ማያ ነው» አለች ሠናይት። ለመፍራት እንኳ ጉልበት አልቀራትም።

«ወርቅ አለው?»

«መሬትም የለውም። ጋዝና ነፋስ ነው፤ የሚዘንበውም ብርጭቆ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ።»

ኻሚስ ጭቃ የለበሰ ፊቱን በክንዱ ጠረገ። «መሬት ከሌለው ምን ይቆፈራል? ሂዱ» አለ። ባትሪውን ግን ለጉድጓዱ መብራት ወሰደባቸው።

ቴሌስኮፑን ከኮከቡ ጋር የሚያዞረው ሞተር የሚሠራው በዚያ ባትሪ ነበር። ፀሐይ ስትጠልቅ ጫፉ ላይ ደረሱ። ኮምፒውተሩ የራሱ ቻርጅ አለው፤ ቴሌስኮፑን ግን በእጅ ማዞር ግድ ሆነ። ሠናይት ብሎኑን በፀጉር ልክ እያዞረች ኮከቡን ተከተለች። ጣቶቿ ደርቀው አልታዘዝ አሏት። ማንም እንዳይነካባት ስትሳሳለት የኖረችውን ዕቃ ለባቢከር ለቀቀችለት።

«ነጥቡ ከመሃል እንዳይወጣ፣ ቀስ አድርገህ።»

ስክሪኑ ላይ የኮከቡን ብርሃን መጠን የሚያሳየው መስመር ጥቂት ዝቅ አለ።

«ምን ሆነ?»

«ፕላኔቱ ገባ! ኮከቡ ፊት ነው።»

እየተፈራረቁ ሲያዞሩ፣ ፕላኔቱ ከገባ ሁለት ሰዓት ሊሞላው ሲል መስመሩ ተመልሶ ከፍ አለ። ሠናይት የባቢከርን እጅ ጨበጠች።

«ሄደ? ደግሞ መቼ ይመጣል?»

«ከነገ ወዲያ።»

«ያ ረብ!» ብሎ ባቢከር ፈጣሪውን እየጠራ ድንጋዩ ላይ ተዘረረ። ሠናይት እየሳቀች ከጎኑ ጋደም አለች።