የረመዳን ምሳ

«ኢክላስዬ፣ እናትሽን ጋለቶማ፣ እግዜር ይስጥልኝ በይልኝ! የትናንቱ ምስር ጨው ቢያንሰውም አሪፍ ነበር» አላት የአባቷ ሱቅ ጎረቤት የሆነው ጫማ ሰፊው ጎንፋ።

ኢክላስ የምሳ ዕቃውን እንደያዘች ቆመች። ምስሩ የአባቷ ምሳ ነበር። እናቷ እየጾመች ሳትቀምስ ስለሠራችው ጨው ማነሱ አይገርምም። የሚገርመው ጎንፋ እንዴት እንዳወቀ ነው።

«ጋሽ ጎንፋ፣ እርስዎ ነዎት እንዴ የበሉት?»

«ረመዳን ከገባ ጀምሮ እኔው ነኝ! አባትሽ ‹ጠግቤያለሁ፣ አንተ ብላው› እያለ…» ፊቷን ሲያይ ሳቁ ጠፋ። «አታውቂም ነበር እንዴ?»

አባቷ ረድዋን መቱ መናኸሪያ አጠገብ ልብስ ሰፊ ነው። ስኳር በሽታ እንዳለበት ከታወቀ ወዲህ ኪኒን ይወስዳል። ጤና ጣቢያ አብራው የሄደችው ኢክላስ ስለነበረች፣ ሲስተር ዲሪቤ ያሉትን አትረሳም። «ሰውነትም የራሱ ሰዓት አለው ጋሼ ረድዋን። ቀን የሚፈጨውን ያህል ማታ የጫንንበትን አይፈጭልንም። ኪኒን ውጠው ቀኑን ሙሉ ባዶ ሆድዎን ከዋሉ ደግሞ ስኳሩ ወርዶ ይጥልዎታል። ዘንድሮ አይጹሙ።» የመስጊዱ ሸኽም ለታመመ ሰው መብላት የተፈቀደ መሆኑን ነግረውት ነበር። እሱም እሺ ብሎ ነበር።

ወደ ሱቁ ስትገባ አባቷ ለዒድ የታዘዘ ቀሚስ ጭኑ ላይ አድርጎ መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት ይታገላል። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ግንባሩ በላብ ርሷል።

«አባዬ!»

«ደህና ነኝ… የቡሬዎቹ ደንበኞቼ ልብሳቸውን ዛሬ ሊወስዱ…» ቃሉን አልጨረሰውም።

«ጋሽ ጎንፋ! ስኳር!» ብላ ጮኸች።

ጎንፋ ከጎረቤት ሻይ ቤት ስኳር በውሃ አስበጥብጦ እየሮጠ መጣ። ረድዋን ብርጭቆውን በእጁ ገፋው። «እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትገባ እችላለሁ።»

«አትችልም! ጠጣ!»

እንዲህ ጮኻበት አታውቅም። አይቷት አይቷት ጠጣ።

ትንሽ ቆይቶ ላቡ ደረቀ፤ እጁም ረጋ። ጎንፋ ቀስ ብሎ ወጣና አባትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ።

«ለእናትሽ እንዳትነግሪያት» አለ ረድዋን።

«ለምንድን ነው የምትጾመው አባዬ? የምግብህን ሰዓት እንዳታዛባ ተነግሮህ የለም?»

«ከልጅነቴ ጀምሮ ገድፌ አላውቅም። ደንበኞቼ ጾመኞች ናቸው፤ አንቺም እናትሽም ትጾማላችሁ። እኔ ሰው ፊት ቁጭ ብዬ ስበላ… ያሳፍራል፣ ልጄ።»

ይዛው የገባችው ንዴት በረደ፤ አባቷ አሳዘናት። «እማዬ ሁልጊዜ ‹በላ ወይ?› ትለኛለች። ‹በልቷል› እላታለሁ። ሳላውቅ ስዋሻት ከርሜያለሁ። አውቄ ግን አልዋሻትም።»

ረድዋን አንገቱን ደፋ። ቀና ሲል ፈገግ ብሎ ነበር። «ቁርጥ እናትሽን! በቃ፣ ራሴ እነግራታለሁ።»

ነገራት። እናቷ ተቆጣች፣ አለቀሰች፣ አኮረፈች። በማግሥቱ ግን ቂንጬ ሠርታ ላከችለት።

ኢክላስ ከትምህርት ቤት መልስ ትርፍ ጨርቅ ሱቁ ጥግ ላይ ወጥራ መጋረጃ አበጀች። «ግባና ብላ። ሱቁን እኔ እጠብቃለሁ።» የራሷ ጉሮሮ በውሃ ጥም ደርቋል። የማንኪያው ድምፅ ሲጀምር ግን ደስ አላት።

ብዙም ሳይቆይ ሐጂ ከሊፋ የሚያሳጥሩትን ሱሪ ይዘው ብቅ አሉ። አባቷ ከሁሉም ሰው ይበልጥ የሚያፍረው እሳቸውን ነው።

«አባትሽ የለም እንዴ?»

ማንኪያው ጸጥ አለ። «መስጊድ ሄዷል» ማለት ቀላል ነበር፤ ምላሷ ላይም መጥቶላት ነበር።

«አለ፣ ሐጂ። ስለሚያመው ምሳ እየበላ ነው። ትንሽ ይጠብቁታል?»

ሽማግሌው መጋረጃውን አዩት፤ እሷንም አዩዋት። ከዚያ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። «ይብላ እንጂ፣ ይብላ! እኔን ምን አስቸኮለኝ?»

ኢክላስ ሱሪውን ተቀበለቻቸውና ወደ መጋረጃው ዞረች።

«አባዬ፣ ቀስ ብለህ ብላ» አለች፤ ሐጂም እንዲሰሙ ድምፅዋን ሳትቀንስ።