የሸረሪት ድርና ማር

በዛብህን ደጄ ያመጣው ደሙ ነው። አቃቂ ባቡር ጣቢያ ዕቃ ሲያወርድ የሳጥን ቆርቆሮ መዳፉን ሰንጥቆት፣ እጁን በሸሚዙ ጠቅልሎ ቤታችን በር ላይ ቆመ።

«እትዬ አለሚቱ የሉም?»

እናቴ የሰፈሩ ቁስል አካሚ ነበረች፤ የዚያን ቀን ግን ለቅሶ ሄዳለች። ከጣሪያው ጥግ የሸረሪት ድር ሰብስቤ ቁስሉ ላይ ደፈንኩና ጥብቅ አድርጌ ያዝኩት።

«ሸረሪቷን ቤት አልባ አደረግሻት» አለ፣ ፊቱ አመድ መስሎ።

«ዝም በል! መጀመሪያ ደምህ ይቁም።»

ደሙ ቆመ። እጁን ግን ቶሎ አለቀቅኩትም፤ እሱም ልቀቂኝ አላለም።

ከዚያ በኋላ በየሦስት ቀኑ እየመጣ ቁስሉን ማር እቀባለት ጀመርኩ። እንዲህ ያለ ቁስል በማር በሁለት ሳምንት ይጠግጋል። የበዛብህ ግን ወር አለፈው። ደረቀ ስል፣ በመጣ ቁጥር ደም አቅርሮ አገኘዋለሁ። እሱ እቴ፣ ምን ተዳው! ስለ አዋሽ ድልድይ እያወራ ያስቀኛል። ሲወጣ አለቅሳለሁ። ወድጄዋለሁ፤ የሸክም ሠራተኛ ደግሞ ቁስሉ አመርቅዞ እጁ ከተቆረጠ ምን ይበላል?

በመጨረሻ ጨከንኩ።

«ከእንግዲህ እኔ ጋ አትምጣ። ድሬዳዋ የባቡር ሠራተኞች ሐኪም አለ፤ ነገ በባቡሩ ሂድ።»

«እያባረርሽኝ ነው ፈለቁ?»

«አዎ» አልኩት። እንባዬን እንዳያይ ጎንበስ ብዬ የማሩን ቅል እከድን ነበር።

ሄደ፤ በዚያው ቀረ። አንድ ደብዳቤ እንኳ አልጻፈም። እኔም ኮራሁ፤ ኩራቴ ይቃጠል!

በሦስተኛው ዓመት የሥራ ባልደረባውን ሁንዴን ጣቢያው ላይ አገኘሁት። መጀመሪያ የጠየቅኩት ስለ እጁ ነው።

«እጁማ በሳምንቱ ዳነ።»

«ምን መድኃኒት ሰጡት?»

ሁንዴ መሬት መሬት አየ። «ምንም። መነካካቱን ተወ እንጂ። አንቺ ጋ በሚመጣበት ጠዋት ሁሉ ቅርፊቱን በጥፍሩ ያነሳው ነበር። ‹ከዳነ በምን ሰበብ ልሂድ?› ይለኝ ነበር። ስታባርሪው ‹ነቅታብኝ ነው፣ ንቃኝ ነው› ብሎ አፈረ። አምና እዚያው አገባ።»

ቁስሉን እየነካካ እኔን መንካት ነው ያቃተው? እጁን ይዤው እኮ ነበር!

ዛሬ እናቴን ተክቼ ቁስል የማክመው እኔ ነኝ። አልደርቅ ያለ ቁስል የያዘ ሰው ሲመጣ፣ ማር ከመቀባቴ በፊት ቀና ብዬ ዓይኑን አያለሁ። እስካሁን የመጡት ሁሉ ቁስለኞች ብቻ ናቸው።