ሰባ ሜትር ይቀራል

የሙለታን አስከሬን ከገደሉ ሥር ሲያወጡት፣ በአንገቱ ያንጠለጠላት ጂፒኤስ አሁንም እየሠራች ነበር። መስታወቷ ተሰንጥቋል እንጂ ቀስቷ አልጠፋችም። ጉም ወደ ሞላው ባዶ አየር እያመለከተች፣ ሊደርስበት ካሰበው ቦታ ሰባ ሜትር እንደሚቀረው ትናገራለች።

ጂቱ ቁጥሯን ደግማ አነበበች። መሣሪያዋን ሮቤ ከሚገኘው ቢሮ ፈርማ ያወጣችው እሷ ናት። ከሦስት ቀን በፊት ለሙለታ አጠቃቀሙን ያስተማረችውም እሷ ናት። «ቀስቷን እመናት» ያለችው ማን ሆነና!

ቦታው የሳነቴ ደጋ አልቆ ወደ ሐረና ጫካ ቁልቁል የሚወረወርበት ጫፍ ነው። የጥበቃ ሠራተኞች የሚያድሩባት አንዲት የቆርቆሮ ቤት አለች። የመጡት የድሮ የደን ወሰን ችካሎችን ደግመው ሊለኩ ሲሆን በቁጥር አምስት ነበሩ፤ የቡድኑ መሪ ሙለታ፣ ቀያሿ ጂቱ፣ ሾፌሩ ቶፊቅ፣ መንገድ መሪው አሊዪ፣ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ወር የቀራቸው የካርታ ባለሙያ ጋሼ ኃይለየሱስ። አሁን አራት ቀርተዋል።

ኢንስፔክተር ከሚላ ከጎባ የደረሰችው ከረፋዱ አራት ተኩል ላይ ነው። እሷ ባለፈች በሩብ ሰዓት ውስጥ አንድ አይሱዙ ከኋላዋ መንገዱ ላይ ተጋደመ። ወደ ታች፣ ወደ ሪራ የሚወስደውን ጠመዝማዛ ደግሞ ጉሙ ዋጠው።

«ማንም ከዚህ ቤት አይርቅም» አለች ከሚላ። የሚኬድበት ያለ ይመስል!

አጭር፣ ሻርፗን በፖሊስ ጃኬቷ ውስጥ የጠቀጠቀች፣ አርባ ዓመት የሞላት ሴት ናት። ያደገችው ጊኒር፣ የከብት ነጋዴ ቤት ነው። አባቷ ገበያ ይዟት ሲወጣ የሻጩን ወሬ ትቶ የበሬውን አረማመድ ሲያይ ነበር የሚውለው። እሷም ሰው ሲያወራ ዓይኗ እግሩ ላይ ነው። ይህ ጂቱን አስጨነቃት፤ እግሯን የምታስቀምጥበት ጠፋት።

የጂቱን ስልክና መታወቂያ ተቀብላ ኪሷ ከተተችና ከቶፊቅ ጀመረች።

«ጠዋት መሣሪያዋን የነካው ማነው?»

«ወላሂ፣ ኢንስፔክተር፣ እኔ ባትሪ ብቻ ነው የቀየርኩት። ኦቦ ሙለታ አዲስ አድርግልኝ አለኝ። ሁለት ባትሪ ከተትኩ፣ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኳት፣ ሞተር ላሞቅ ወጣሁ።»

«ሌሎቹስ?»

«ጂቱ ውኃ ልትቀዳ ወርዳለች። አሊዪ ፈረሶቹ ጋ ነው። ኦቦ ሙለታ ደጅ ፊቱን ይታጠባል። ጋሼ ኃይለየሱስ እዚሁ ሻያቸውን ይጠጣሉ።»

አሊዪ ሲጠየቅ ጋቢውን እንደተከናነበ በሩ ላይ ቆሞ መለሰ።

«ጉሙ ይነሳ አልኩት። ይቺ ጉም አያግዳትም ብሎ ሳቀብኝ። ሦስት ቀን የተማረ ሰው!»

«ለምን ብቻውን ለቀቅከው?»

«አለቃው እሱ ነው። ጩኸቱን ስሰማ ሮጥኩ፤ እርጥብ ሣር ላይ ዱካው ቀጥ ብሎ ገደሉ አፍ ድረስ ሄዷል። አንድ ቦታ እንኳ አልተወላገደም።»

«ትወደው ነበር?»

«የደን ወሰን የሚለካ ሰው አልወድም» አለ አሊዪ። «ከሰባት ዓመት በፊት ከአንገቱ ከተማ ወዲህ፣ ከደኑ በታች ያለው መንደራችን ችካል ተተክሎበት፣ ደን ውስጥ ናችሁ ተብለን አሥራ አንድ ቤት ፈርሷል። አንዱ የአባቴ ነው። ኦቦ ሙለታ ግን ደግመን እንለካለን አለኝ። ለዚያ ብዬ ነው የመጣሁት።»

ጋሼ ኃይለየሱስ ሻያቸው ቀዝቅዞ ፊታቸው ተቀምጧል። ዓይናቸው ቀልቷል፤ ሲያለቅሱ እንደቆዩ ያስታውቃል።

«እኔ የወረቀት ሰው ነኝ ልጄ» አሉ። «ያቺን ነገር በእጄ ነክቻት አላውቅም። ሊሄድ የፈለገው ገደሉ አጠገብ ወዳለው አሮጌ የሲሚንቶ ችካል ነው። ቁጥሩን ከካርታው ላይ አነበብኩለት፣ እሱ መሣሪያዋ ላይ ጻፈ። ካላመንሽኝ አስተያዪው።»

ከሚላ አስተያየችው። የካርታውና የመሣሪያዋ ቁጥር አንድ ነበር፤ አንድ አኃዝ አልተዛነፈም።

«አየሽ? እኔ በትክክል ነው የነገርኩት። ያቺ ዕቃ ናት ሁለት መቶ ሜትር ስታ ገደል የከተተችው። እንግዲህ ማን እንዳስተካከላት ጠይቂ።»

ሁሉም ዓይን ጂቱ ላይ አረፈ። ቤቷ ድሮም ጠባብ ናት፤ አሁን ግድግዳው ራሱ ወደ እሷ የቀረበ መሰላት።

«ሴቲንጓን ያስተካከለው ማነው?» አለቻት ከሚላ።

«እኔ ነኝ።»

«ምን ነበር የሚስተካከለው? ለማያውቅ ሰው አስረጂኝ።»

ጂቱ ጣቷን ካርታው ላይ አደረገች። «የድሮ የወረቀት ካርታዎቻችን የተሠሩት አዲንዳን በሚባል የልኬት መነሻ ነው። ጂፒኤስ ከፋብሪካ ስትመጣ ሌላ መነሻ ነው ያላት። ለአንድ ድንጋይ ሁለቱ የተለያየ ቁጥር ይሰጡታል። ስለዚህ ከወረቀት ካርታ ላይ ቁጥር ወስደሽ ከመጻፍሽ በፊት አዲንዳን የሚለውን መምረጥ አለብሽ። እኔ መርጬላት ነበር።»

«ሙለታ ይህን ያውቅ ነበር?»

«አያውቅም። ጀማሪ ያደናግራል ብዬ... ይቺን ገጽ አትንካት ነው ያልኩት።»

«ከአንቺ ሌላ የሚያውቅ አለ?»

«ማንም» አለች ጂቱ። አፏን ሳትዘጋ ነው በገዛ ምላሷ ራሷን እንዳሰረች የገባት።

ከሚላ ግን ካቴናዋን አላወጣችም። «የመጀመሪያው ትምህርትሽ ምን ነበር?»

«ሰማይ ወደሚታይበት ውጣ፣ ቆርቆሮ ሥር አትሠራም። ሳተላይቶቿን እስክታገኝ ጠብቅ። ከዚያ የቆምክበትን ቦታ ቁጥር ደብተርህ ላይ ጻፍ። ትናንት ከሰዓት እዚሁ በሩ ፊት አስጽፌዋለሁ።»

ከሚላ ከሟቹ ጃኬት የወጣውን እርጥብ ደብተር ገለጠች። ጽሑፉ በእርሳስ ስለሆነ ውኃው አላጠፋውም። መሣሪያዋን ይዛ ወጣች፣ በሩ ፊት ትንሽ ቆመች፣ ባትሪዎቹን አውጥታ መልሳ ከተተች፣ እንደገና ቆመች። ከዚያ አሊዪንና አንድ ረጅም ገመድ ይዛ ጉሙ ውስጥ ገባች።

አንድ ሰዓት ያህል ቆዩ። ለጂቱ ዓመት ሆነባት። ቶፊቅ ጥግ ይዞ ዱዓ ያደርጋል። በመስኮቱ ጉም እንጂ ሌላ የሚታይ የለም። ውጭ መኪናው ኋላ ሙለታ ሸራ ለብሶ ተኝቷል፤ ትናንት ቁጥሩን በትክክል ሲያነብላት ምን ያህል ደስ እንዳለው ትዝ አላት።

ጋሼ ኃይለየሱስ አጠገቧ መጥተው ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ ረስቼው ነው በይ። ስህተት ከሆነ አይጨክኑብሽም። ወጣት ነሽ፤ ይታለፍልሻል።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ አስተካክዬው ነበር።»

«አንዳንዴ ሰው ያደረገ ይመስለዋል። እኔም ደርሶብኛል።»

እጃቸውን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉ። ደክሟት ነበርና ቃላቸው እውነት መምሰል ጀመረ። ምናልባት ረስታው ይሆን? ከሚላ በሩን ከፍታ ስትገባ ጂቱ «እኔ ነኝ» ልትል አፏን ከፍታ ነበር።

«ተቀመጪ» አለቻት ከሚላ፤ ጫማዋን አራገፈች። «መጀመሪያ አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ሦስታችሁ ወንዶች በየተራ ይቺን መሣሪያ አስነሷትና የት እንዳለን ንገሩኝ።»

ቶፊቅ ተቀበላት። አበራት፣ ጣሪያው ሥር እንደቆመ አፍጥጦ ጠበቀ፣ እንደ ተበላሸ ሬዲዮ ነቀነቃት፣ «አልሠራም አለች» ብሎ መለሰ። አሊዪ «ማብሪያዋ የቱ ነው?» አለ።

ጋሼ ኃይለየሱስ በሁለት ጣታቸው ያዟት። «አልችልም አልኩሽ እኮ» እያሉ አበሯት፤ እያበሩም እግራቸው ወደ በሩ ወሰዳቸው። ወጡ፣ ከጣሪያው ክፈፍ አምስት እርምጃ ራቁ፣ መሣሪያዋን በመዳፋቸው ላይ አጋድመው ወደ ሰማይ አቀኑ። ከዚያ በድንገት ቀጥ አሉ። ጥቂት ቆይተው ሲመለሱ ማንንም ቀና ብለው አላዩም።

«ነክተዋት የማያውቁ ሰው ጥሩ ይዘዋታል» አለች ከሚላ በቀስታ። «ጋሼ፣ ይቀመጡ። ሁላችሁም ስሙኝ።

«ሙለታ ትናንት በሩ ፊት የጻፈውን ቁጥር ይዤ እዚያው ቦታ ቆምኩ። ዛሬ መሣሪያዋ ሌላ ቁጥር ሰጠችኝ። ልዩነቱ ወደ ሰሜን ሁለት መቶ አምስት ሜትር ነው። ስለዚህ ጂቱ አልረሳችም፤ ትናንት ትክክል ነበር። በመካከል አንድ ሰው ሴቲንጉን ቀይሯል።»

ጂቱ ቀና አለች። ከሚላ ቀጠለች።

«ባትሪ መቀየር ይሆን? አውጥቼ መለስኩ፤ ምንም አልተቀየረም። ቶፊቅ ነጻ ነው። አሊዪ ማብሪያዋን አያውቅም። ጂቱ መቀየር ብትፈልግ ኖሮ የትናንቱን ቁጥር አስጽፋ ማስረጃ አታስቀምጥልኝም ነበር። ከአሊዪ ጋር በገመድ ለክተን ችካሉን አገኘነው። ከገደሉ አፍ መቶ ሠላሳ ሜትር ወደዚህ ነው። መሣሪያዋ ግን ሟቹን ከችካሉ ሁለት መቶ ሜትር አልፎ፣ አየር ላይ ወዳለ ቦታ ትመራው ነበር። ለዚህ ነው በሞተ ጊዜ ሰባ ሜትር የቀረው።»

ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«ጋሼ፣ ማንም ሳይለካ፣ ችካሉንም ማንም ሳያየው፣ ‹ሁለት መቶ ሜትር ስታ› አሉኝ። እንዴት አወቁ?»

«ገመትኩ።»

«ሙለታም ቁጥሩን ያውቅ ነበር።» ከሚላ የደብተሩን የመጨረሻ ገጽ አነበበች። «‹ትናንት የለካኋቸው የአንገቱ ከተማ ችካሎች ከካርታው ሁሉም ወደ አንድ ወገን፣ ወደ ደቡብ ስተዋል። 205 ሜትር። ያኔ የለካችው መሣሪያ ምን ስህተት እንደነበራት አላውቅም። ለጋሼ ኃይለየሱስ ነገርኳቸው፣ ደነገጡ። ነገ ከአሮጌው ችካል ላይ አረጋግጬ ለቢሮ አሳውቃለሁ።› ከሰባት ዓመት በፊት የአንገቱን ችካሎች በጂፒኤስ የተከለው ማነው?»

ቶፊቅ ዱዓውን አቆመ።

«ያኔ ከወረቀት ካርታው ላይ ቁጥሩን ወስደው፣ መነሻውን ሳይቀይሩ ጻፉ። የደኑ መስመር ወደ ሰው ግቢ ወረደ። ያ ስህተት ነበር። ቆይተው ሲያውቁት ዝም አሉ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ቤት ውስጥ ከመሣሪያዋ ጋር ብቻዎን ሲቀሩ ያንኑ ስህተት ሆን ብለው ደገሙት፤ ከዚያ ቁጥሩን በትክክል አነበቡለት፣ ማንም እንዳይጠረጥርዎት።»

ጋሼ ኃይለየሱስ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሁለት ወር ነበር የቀረኝ» አሉ። «ሠላሳ አራት ዓመት ሠርቼ በአሥራ አንድ ቤት ስሜ እንዲነሳ... ገደሉን ሲያይ ይቆማል፣ መሣሪያዋን ይጠላታል፣ ነገሩ ይቀራል ብዬ ነበር።»

«በዚህ ጉም?»

ሽማግሌው በመስኮቱ ነጩን ጉም አይተው አንገታቸውን ደፉ። ከሚላ ካቴናዋን ያወጣችው ያን ጊዜ ነው። ለጂቱም ስልኳንና መታወቂያዋን መለሰችላት። ጂቱ ተቀበለችና፣ ነጻ በመውጣቷ ይሁን በሙለታ፣ ሳታፍር አለቀሰች።

መንገዱ ገና አልተከፈተም። ያችው አንዲት ክፍል ውስጥ፣ ገዳዩም የተጠረጠረችውም አንድ ላይ መጠበቅ ነበረባቸው። አሊዪ ግን እስካሁን ከበሩ አልተንቀሳቀሰም። ሲቆጣ ያዩታል ብለው ፈርተው ነበር፤ እሱ ጂቱ አጠገብ መጥቶ ቁጢጥ አለ።

«ችካሉን የተከሉት ከበራችን ፊት፣ በደቡብ በኩል ነው» አላት። «ቤታችን ከችካሉ ወደ ላይ፣ በደኑ በኩል፣ አርባ እርምጃ ቢሆን ነው። እውነተኛው መስመር የት ጋ ነው?»

ጂቱ ዓይኗን ጠርጋ በሙለታ ደብተር ጀርባ አሰላችለት። «ከችካሉ ሁለት መቶ አምስት ሜትር ወደ ሰሜን። ቤታችሁ ከደኑ ውጭ ነበር፣ አሊዪ። ከመቶ ሃምሳ ሜትር በላይ።»

«አባቴ እስኪሞት ድረስ ‹እኛ ውጭ ነን› ይል ነበር» አለ አሊዪ። «እኔ ግን መሣሪያ አይዋሽም አልኩት። አባቴን አላመንኩትም።»

ጂቱ ወደ በሩ አየች። እሷም ቀስቷን እመን ብላ የላከችው ሰው ደጅ ተኝቷል።

«ለእኔም አስተምሪኝ» አላት አሊዪ። «ከመጀመሪያው። ነገ እኔ ራሴ ሄጄ እለካዋለሁ።»

ተነሥታ ከጣሪያው ርቃ ወደ ጉሙ ይዛው ወጣች። መሣሪያዋ ሳተላይቶቿን እስክታገኝ ጎን ለጎን ቆመው ጠበቁ። ጂቱ በዚህ ጊዜ የጀመረችለት ለሙለታ «አትንካት» ካለችው ገጽ ነው።