ገጽሽን የጎበኘ ሰው

የወንበር ትራስ እየሰፋች በኢንተርኔት ለመሸጥ ሱቅ የከፈተች አንዲት ልጅ ነበረች። ሱቁ ተከፈተ እንጂ ደንበኛ አልመጣም። አባቷ ታገሡ ታገሡና ቁርጡን ነገሯት፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ገበያ ካላገኘች ሌላ ከተማ አጎቷ ዘንድ ሄዳ ገንዘብ ተቀባይ ትሆናለች።

ታላቅ እህቷ መላ መታች። «ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚውል ሰው ያለው ባለሙያዎች የሚገናኙበት ድረ ገጽ ላይ ነው» አለችና ቅጹን ራሷ ሞላችላት። የሥራ መደብ በሚለው ቦታ «ዋና ሥራ አስኪያጅ» ብላ ጻፈች።

«የምን ሥራ አስኪያጅ? ያለችኝ አንዲት የስፌት መኪና!»

«እሷን አስተዳድሪያት።»

ልጅቷ በየማለዳው የትራሶቿን ፎቶ ለጠፈች። አንድ ጠበቃ «በርቺ» አላት፤ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ አጨበጨበላት፤ የገዛ ግን የለም። ድረ ገጹ ገጿን ማን እንዳየ ይነግራታል፤ በየቀኑ በምሳ ሰዓት ያው መልእክት ይመጣል። «አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ገጽሽን ጎብኝቷል።» ቃል አይተነፍስም። አይቶ ይሄዳል። ገጹን ብትከፍተው ፎቶ የለው፣ ታሪክ የለው፤ «ሹፌር፣ የአሥራ ሁለት ቁጥር አውቶቡስ» ይላል፣ በቃ። ያንን ባዶ ገጽ በየቀኑ መክፈት ለመደች፤ ለእህቷም ትንፍሽ አላለች።

አንድ ቀን ሹፌሩ ትራስ ገዛ። በሳምንቱ ከፎቶዋ ሥር በሰው ሁሉ ፊት ጻፈ፦ «ለወገብ ግሩም ነው። ፍሬን ስይዝ ግን ይንሸራተታል።»

ደሟ ፈላ። መርፌና ክሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ፌርማታው ላይ ቆመች። ሁለት አሥራ ሁለት ቁጥሮችን አሳለፈች። ሦስተኛው ላይ ትራሷን አየችውና ወጥታ ከሹፌሩ ጀርባ ተቀመጠች።

ፍሬን ያዘ። ትራሱ ተንሸራተተ፤ ሹፌሩም አብሮ። ሳቋ አመለጣት። በመስታወቱ አያት፤ የኋላው መኪና ጥሩንባ እስኪነፋበት ድረስ ዓይኑን አልነቀለም።

መጨረሻው ፌርማታ ላይ ሰው ሁሉ ሲወርድ እሷ ቀረች።

«ባለትራሷ!» አለ።

«በግል ብትነግረኝ ምን ነበረበት? አዋረድከኝ እኮ!»

አንገቱን ደፋ። «ሁሉም በርቺ ይልሻል፣ የሚገዛሽ የለም። የሚያማርር ሲያዩ ቢያንስ አንድ የገዛ ሰው እንዳለ ያውቃሉ ብዬ ነው።»

ትራሱን ተቀብላ ማሰሪያ ትሰፋበት ጀመር። እያያት እንደሆነ ስለገባት ስፌቷ ተጣመመ፤ ፈታ እንደገና ሰፋች። ደስ ብሏት ነበር።

ያን ዕለት የማሰሪያውን ፎቶ ለጠፈች። «ቅሬታ ቀረበብኝ፤ አውቶቡሱ ላይ ወጥቼ አየሁ፤ እውነት ነው። አስተካክያለሁ።» ጠበቃው ሁለት አዘዘ፤ የሒሳብ ሠራተኛው ለመሥሪያ ቤቱ በሙሉ። ወሩ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው አባቷ መቀስ አንስተው ጨርቅ መቁረጥ ጀመሩ። «አጎትሽን ሌላ ሰው ፈልግ ብዬዋለሁ» አሏት፣ ቀና ሳይሉ።

በምሳ ሰዓት እየሮጠች መጨረሻው ፌርማታ ደረሰች።

«አልሄድም!» አለችው።

«የት?»

ነገረችው። ፊቱ ተለዋወጠ። «ልትሄጂ ነበር? እኔ እኮ...» አለ።

«በየቀኑ ገጼን ስታይ ከርመህ አሁን ቃል አጠረህ?»

ክው አለ። «ይነግርሻል እንዴ?»

«ለአንተም ይነግርሃል። ስልክህን አምጣ።»

ነክቶት የማያውቀውን የመልእክት ሳጥን ከፈተችለት። «አንዲት ዋና ሥራ አስኪያጅ ገጽህን ጎብኝታለች» ይላል። ዝቅ አደረገው፤ ያው ነው። አሁንም ዝቅ፤ ያው። ትናንት፣ ከትናንት ወዲያ፣ ትራሱን ሳይገዛ በፊት ሁሉ።

«እኔ ገጽ ላይ እኮ ምንም የለም» አለ፣ ድምፁ ቀጥኖ። «ምን ልታዪ?»

«ፎቶህን እስክትለጥፍ እየጠበቅኩ።»

ተሳፋሪው ገብቶ ሞልቷል። «ሹፌር፣ አንሄድም እንዴ?» አሉ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት።

«እንሄዳለን፣ እማማ።»

ልጅቷ ከጀርባው ተቀመጠች። እሱም መሪውን ከመያዙ በፊት መስታወቱን ትንሽ ወደ እሷ አዞረው።

«ልጄ» አሉት እናትየዋ፣ «መንገዱ እኮ በፊት ለፊት ነው።»