«የለም» ያሉት ተማሪዎች

«መቶ በመቶ!» አሉ መምህር ተፈራ፣ የታተመውን ወረቀት ከፍ አድርገው እያሳዩ። «ከአራት መቶ አስራ ሁለት ተማሪ የአራት መቶ አስራ ሁለቱም ቤት አጎበር አለ። መረጃውን የሰበሰበልን ደግሞ የእኛዋ ናጅዋ የሠራችው ፕሮግራም ነው!»

ክፍሉ አጨበጨበ። ናጅዋ አንገቷን ደፋች፤ ደስታዋን መደበቅ ግን አልቻለችም።

ጥቅምት ነው፤ ሸዋ ሮቢት ላይ ወባ የሚበረታበት ወር። ጤና ጣቢያው አጎበር ከማደሉ በፊት ማን ቤት እንደሌለ ለማወቅ ትምህርት ቤቱን ጠይቆ ነበር። መምህር ተፈራ መጠይቁ ኮምፒውተር ክፍሉ ካለው ሰርቨር፣ ከዋናው ማሽን፣ ወጥቶ ተማሪው በስክሪን እንዲሞላው አደረጉ። ተማሪው የመረጠውን ለቅሞ የሚልከውን ስክሪፕት፣ አጭሩን ፕሮግራም፣ የጻፈችው የአስራ አንደኛ ክፍሏ ናጅዋ ናት።

ከሳምንት በኋላ፣ አብራት የምትቀመጠው ብርቱካን ሁለት ቀን ቀርታ መጣች። ዓይኗ አብጧል።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ታናሽ ወንድሜን ወባ ጣለው። ጤና ጣቢያ ተኝቷል። እማዬ አጎበር ስትጠይቅ ‹የናንተ ሰፈር ሁሉም አለው ተብሏል፤ ለሌላ ቀበሌ ሰጠነው› አሏት።»

«አንቺ ምን ብለሽ ነበር የሞላሽው?»

«‹የለም› ነዋ!»

«ተሳስተሽ ‹አለ› የሚለውን ነክተሽ እንዳይሆን።»

ብርቱካን ትክ ብላ አየቻት። «ሙድ ነው የምትይዢብኝ? ቤታችን አጎበር ይኑር አይኑር ጠፍቶኝ ነው?» ደብተሯን ሰብስባ ሌላ ዴስክ ላይ ሄዳ ተቀመጠች።

ናጅዋ በእረፍት ሰዓት ኮምፒውተር ክፍል ገብታ መጠይቁን ከፈተች። ከሁለቱ ክብ በተኖች «የለም» የሚለውን ነክታ ላከች። የተመዘገበው «አለ» ነው። ደገመችው። አሁንም «አለ»።

ሰርቨሩ ጥያቄውን ሲልክ ሁለቱንም በተኖች በአንድ ስም ነው የሚሰይማቸው። የእሷ ስክሪፕት ያንን ስም ይጠራና ቀድሞ «አቤት» ያለውን ይወስዳል። ቀድሞ የሚመልሰው ምንጊዜም ከላይ ያለው «አለ» ነው። የትኛው እንደተመረጠ አንድም ቦታ አልጠየቀችም። ስትሞክረውም «አለ»ን ብቻ እየነካች ነበር፤ እነ ናጅዋ ቤት አጎበር አለ።

ቀጥታ ወደ መምህር ተፈራ ሄደች። ሰምተዋት ሲያበቁ ተነስተው በሩን ዘጉት።

«ማስተካከል ትችያለሽ?»

«ስክሪፕቱን እችላለሁ ቲቸር። በተኖቹን አንድ በአንድ አይቶ የተመረጠውን እንዲወስድ ማድረግ ነው። የተማሪው መልስ ግን ጠፍቷል። እንደገና መጠየቅ አለብን።»

«ሪፖርቱ እኮ ገብቷል፣ ናጅዋ። በስብሰባ ላይ ተመስግነንበታል። አንቺም ለዞኑ ኤግዚቢሽን ተመርጠሻል። አሁን ተሳስተናል ብንል ማን ያምነናል? ለከርሞ አስተካክለን እንሠራዋለን።»

«የብርቱካን ወንድም ግን ...»

«ነገርኩሽ እኮ!»

ድምፃቸው ውስጥ ያለው ቁጣ አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር። ይሄ ይበልጥ አስጨነቃት።

ያን ቀን እህል አልወርድ አላት። እናቷ ናፊሳ «ያረቢ! አንቺንም ያዘሽ እንዴ?» ብላ ግንባሯን ዳሰሰች። ትኩሳት አልነበራትም።

በማግስቱ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አስተማሪ ሳይገባ ናጅዋ ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆመች።

«አንዴ ስሙኝ። የአጎበሩ ቁጥር ልክ አይደለም። ‹የለም› ያላችሁትን ሁሉ ‹አለ› ብሎ መዝግቦታል። ስክሪፕቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ስህተቱም የኔ ነው።»

«አትፎግሪና!» አለ ሚኪያስ ከኋላ እየሳቀ። «ኤግዚቢሽኑስ?»

«ቤቱ አጎበር የሌለው እጁን ያውጣ።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። አንዱ ሌላውን በጎን ያያል። ከዚያ ብርቱካን ናጅዋን ሳታያት እጇን አነሳች። ቀጥሎ ከመስኮቱ ጥግ አንድ እጅ ወጣ፤ ሁለት፤ አምስት። በመጨረሻ ሚኪያስ ሳቁን ዋጥ አድርጎ የእሱንም አወጣ።

ናጅዋ ሁለት ጊዜ ቆጠረች። ሃያ ሦስት። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፋ ወጣች።

መምህር ተፈራ ግቢውን አቋርጠው እየመጡ ነበር። እጇ ላይ ያለውን ወረቀት ሲያዩ ቆም አሉ። ናጅዋ ጎንበስ ብላ ሰላምታ ሰጠቻቸውና የሚቀጥለውን ክፍል በር አንኳኳች።